መኪናዋን ያበላኋት ቅጠል

ባለፈው ነሐሴ መኪናዬ ውስጥ ውሃ ገባ። እግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ በረገጥሁት ቁጥር ጭቅ ጭቅ ማለት ሲጀምር ቀበና ድልድይ አጠገብ ወዳለ መካኒክ ወሰድኋት። ልጁ ኮፈኖውን ከፈተ፤ ከፊተኛው መስታወት ግርጌ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ነቀለና እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ሰደደ። ሲያወጣው መዳፉ ላይ ጥቁር፣ የላመ ነገር ነበር። የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል።

"የዝናቡ ውሃ የሚወርድበትን ቀዳዳ ደፍኖት ነው እትዬ" አለኝ። "ይህን ቀዳዳ ብዙ ሰው አያውቀውም።"

ሽታው ስምንት ዓመት ወደሞላኝ ክረምት ወስዶኝ ነበር። ግማሹ የጉንፋን መድኃኒት፣ ግማሹ ያደረ ጭቃ የሚሸት ነገር ነው። ያን ቀዳዳ እኔ ከማንም በፊት አውቀዋለሁ፤ የማውቀውም በጥፋቴ ነው።

አባቴ መኪና የገዛው በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ፣ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰኔ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የግሪክ ነጋዴ ሲነዳት የነበረች፣ አመድማ ቀለም ያላት፣ ጀርባዋ ክብ የሆነ ትንሽ መኪና ናት። በሰፈራችን መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ግቢያችን ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አያት። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዶሴ ሲደረድር ስለሚውል ነው መሰለኝ ሥርዓት ይወዳል። ለመኪናዋም ሥርዓት አወጣላት። ጭቃ በነካው ጫማ አይገባባትም፤ በሯ ተወርውሮ አይዘጋም፤ ወንበሯ ላይ ምንም ነገር አይበላም።

ችግሩ የምትቆምበት ቦታ ነበር። ቤታችን ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ባሕር ዛፉ ከአጥራችን ይጀምርና እስከ እንጦጦ ድረስ ይወጣል። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ የምትቆመው ከትልቁ ዛፍ ሥር ብቻ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ማጭድ የመሰለው ረጅም ቅጠልና የካፖርት ቁልፍ የሚያህለው የፍሬው ክዳን ላይዋ ላይ ይዘንባል።

አንድ ጠዋት አባቴ ጠራኝና ከፊተኛው መስታወት በታች ያለውን፣ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ብረት አሳየኝ።

"ስንዱ፣ ይህ መተንፈሻዋ ነው። በየጠዋቱ እኔ ከመውጣቴ በፊት ቅጠሉን ታጸጃለሽ። አንድም ቅጠል እንዳላይ።"

"እሺ አባዬ።"

አንድም ቅጠል እንዳያይ አደረግሁ። ትልልቁን በእጄ እለቅማለሁ። ስንጥቁ ውስጥ የተቀረቀረውን ቅጠልና ያንን ቁልፍ መሳይ ክዳን ግን ማውጣት ስላቃተኝ በቀጭን እንጨት ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ። ጠብ ይልና ይጠፋል። የት እንደሚሄድ ለማወቅ ጓጓሁ። ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ። ዝናብ ጥሎ ያደረ ጠዋት ከሆነ ከውስጥ እንደ ሆድ ጩኸት ያለ፣ ጉርጉር የሚል ድምፅ ይሰማኛል።

ጥያቄ ሲኖረኝ የምሄደው ወደ ኦቦ ገመቹ ነበር። ኦቦ ገመቹ ዘበኛችን ናቸው። ቀድሞ ከኮተቤ ወዲያ ካራ በሚባል ቦታ ገበሬ ነበሩ፤ እርሻው ለሁለት ቤት አልበቃ ሲል ለታላቅ ወንድማቸው ትተውለት ከተማ ገቡ። ከውጪው በር አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ደጃፍ ላይ ጥቁር የሱፍ በርኖሳቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው። ለእኔ ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ የኦሮምኛ ቃል ይሰጡኛል፤ ቅጠል ባላ ነው፣ ውሃ ቢሻን ነው። በዕድሜ የአባቴ አባት ቢሆኑ ነው፤ ሆኖም አባቴ "አንተ ገመቹ" ይላቸዋል፣ እሳቸው "ጌታዬ" ይሉታል። ያኔ ይህ አይገርመኝም ነበር።

"ኦቦ ገመቹ፣ መኪና የምትበላው ምንድን ነው?" አልኋቸው አንድ ቀን።

አሰቡበት። በጥያቄዬ የማይስቁ ትልቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"በሬ ቢሆን ጭድ ነው" አሉ። "የዚህችን እኔ እንጃ። ግን ውስጧ እሳት አለ። ጭሱን አይተሽ የለ? እሳት ካለ የሚበላው ነገር ይፈልጋል።"

እሳት የሚበላውን ደግሞ እኔ አውቃለሁ። እናቴ በየሳምንቱ ከእንጦጦ ከሚወርዱት ሴቶች ቅጠል ትገዛለች፤ ድስታችን የሚፈላው በዚያ ነው። ጠዋት መኪናዋ ስትነሳ ከኋላዋ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከማድ ቤታችን ጭስ የተለየ አልመሰለኝም። አንድ ቀን ተንበርክኬ አሸተትሁት። አስነጠሰኝ እንጂ ሌላ ነገር አላስተማረኝም፤ እኔ ግን ባሕር ዛፍ ነው ብዬ ወሰንሁ። ስለዚህ በዚያ ስንጥቅ የሚገባው ቅጠል ውስጥ ሄዶ ይነዳል ማለት ነው።

ሐምሌ አሥራ ስድስት ቀን አባቴ እኔንና እናቴን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሊያደርሰን ተነሣ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ መኪናዋ አቃሰተች፤ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። አባቴ ማርሽ ቀይሮ ደግሞ ሞከረ። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ፍሬን ያዘና እንደዚያው ቀረ።

"ጉልበት አንሷታል" አለ።

እናቴ በሩን ከፍታ ወረደች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥላዋን ዘርግታ፣ በጭቃው ውስጥ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። አባቴ መሪውን እንደያዘ ከኋላዋ ሲያያት ጆሮው ቀላ። ያፈረ ሰው አይቼ ስለማላውቅ የታመመ መሰለኝ። እኔ ግን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የነገሩን ምክንያት አግኝቼዋለሁ። መኪናዋ ርቧታል።

በማግስቱ ላበላት ጀመርሁ። እርጥብ ቅጠል እንደሚያጨስ ከእናቴ ስለተማርሁ ከማድ ቤት የደረቀውን እየመረጥሁ፣ በየጠዋቱ ሁለት ሁለት እፍኝ በስንጥቁ እሰድላታለሁ። አልገባ ያለውን እሰባብርላታለሁ። በዚያው ሰሞን አባቴ መካኒክ ዘንድ ወስዶ አንዳንድ ነገር አስቀየረላትና መኪናዋ በረታች። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ዳገት ሳትቆም ወጣችው። አባቴ መካኒኩን ሲያመሰግን ሰማሁ። የሠራሁትን የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔ ደስ አሰኘኝ።

ነሐሴ ሲገባ መኪናዋ ውስጥ ሽታ መጣ። መጀመሪያ ስስ ነበር። እየቆየ ግን በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚመታ፣ እርጥብ ሱፍ የሚመስል ሽታ ሆነ። ምንጣፉን ሲነኩት እጅ ያረጥባል። አባቴ ጣራዋን በጣቱ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። መስታወቶቹ ዝግ ናቸው። የአንዱ በር ቁልፍ አይሠራም ነበርና ሐሳቡ ወደ ሌላ ሄደ።

"አንተ ገመቹ፣ ና እስቲ።"

"አቤት ጌታዬ።"

"ዝናብ ሲሆን እዚህ ገብተህ ትቀመጣለህ?"

"አልቀመጥም ጌታዬ።"

"ታዲያ ይህ የማን በርኖስ ነው የሚሸተው?"

ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አሸተቱ። "ሱፍ ነው፤ ልክ ነዎት" አሉ። "የእኔ ግን አይደለም።"

አባቴ በሩን ዘጋው፤ በራሱ ሥርዓት ሳይሆን ወርውሮ።

ከሳምንት በኋላ ሥራ በዝቶበት ሦስት ዶሴዎች ወደ ቤት ይዞ መጣ። ሲደርስ ዶፍ ይጥል ነበርና ዝናቡ እስኪያባራ መኪናዋ ውስጥ፣ በዚያ ሰሞን ደርቆ በነበረው ወለል ላይ አስቀምጧቸው ገባ። ዝናቡ ሳያባራ አደረ። ጠዋት ሲያወጣቸው ዶሴዎቹ ውሃ ጠጥተው እንደ ዳቦ አብጠዋል። ወረቀቱ የተጻፈው ውሃ ሲነካው ወይን ጠጅ በሚሆን እርሳስ ነበርና ፊርማውም ቁጥሩም አንድ ላይ ሟሙቶ የአባቴ እጅ እስከ አንጓው ወይን ጠጅ ሆነ። እናቴ የከሰል ካውያዋን አሙቃ አንድ አንዱን ገጽ በጨርቅ ላይ መተኮስ ጀመረች። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ ሁሉ ወረቀት ለበሰ። አባቴ መሐል ቆሞ የማይነበበውን እያነሳ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጋል።

ማታ ከሥራ ሲመለስ አለቃው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሰጡትና ሁለተኛ ቢደገም ከሥራው እንደሚወጣ ለእናቴ ነገራት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ተከትዬው ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምሁ።

"ገመቹ፣ ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቦታ ፈልግ።"

ኦቦ ገመቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመው ነበር። "እሺ ጌታዬ" አሉ። አልተከራከሩም። እኔ ግን ይከራከራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ባለመከራከራቸው እውነት ገብተው ይሆን እንዴ ብዬ አሰብሁ፤ እስከ ዛሬ የማፍረው በዚህች ሐሳብ ነው።

በማግስቱ አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልሁ።

"መኪናዋ ውስጥ ገብተው ነበር?"

"አልገባሁም ልጄ።"

"ታዲያ ውሃው በየት ገባ?"

"እሱን ነው እኔም የምጠይቀው" አሉ። ከዚያ ለአፍታ የራሳቸውን ጉዳይ የረሱ መሰሉ። "እኛ ካራ ስንኖር ማሳ ውስጥ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ሲጠፋን አመድ እንበትናለን። አመዱ የሄደበትን አይተን እንከተላለን።" ከምድጃቸው አመድ ዘግነው በአጥሩ ሥር በሚወርደው ቦይ ላይ በተኑ። ግራጫው ነገር ተጠማዘዘና ከጎረቤት ግድግዳ ሥር፣ ቀዳዳ መኖሩን እንኳ በማላውቀው ቦታ ገብቶ ጠፋ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አመድ አልበቃኝም። እናቴ ነጠላ ስታጥብ ነጭ እንዲመስልላት የምትነክርበት ሰማያዊ ዱቄት ነበራት። እሷ ገበያ ስትሄድ በጣሳ ውሃ በጠበጥሁትና በመኪናዋ መተንፈሻ አፈሰስሁት። ከዚያ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ ሰማያዊው ውሃ ከሥሯ እስኪወርድ ጠበቅሁ። አልወረደም። ሁለተኛ ጣሳ ጨመርሁ። መሬቱ እንዳለ ነው። እንግዲያው እሳቱ አድርቆታል ብዬ ተነሣሁና፣ እንዲያው ለማየት ያህል በሩን ከፈትሁ።

ውሃው ውስጥ ነበር። ከመሪው ኋላ፣ ከጨለማው ሥፍራ፣ ሰማያዊ ጠብታ እየተከታተለ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። ምንጣፉን ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው የሱፍ ንጣፍ አለ፤ ሰማያዊ ሆኖ ውሃውን ይጠጣል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። አባቴ በርኖስ ያለው ሽታ ያ ነው።

ጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ። ውሃው በየት እንደሚገባ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ደስታው የቆየው ግን ጠብታው ያመጣውን ነገር እስካይ ነው። ከሰማያዊው ውሃ ጋር አንዲት ስባሪ ቅጠል ወረደች፤ ጫፏ በጥፍሬ የተቆረጠ። ቅጠሉ አልነደደም ማለት ነው። ያበላኋት ሁሉ እዚያው ተከማችቶ የውሃውን መንገድ ዘግቷል።

ኦቦ ገመቹን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። አዩ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። ማልቀሴን ያወቅሁት ጉንጬን በመዳፋቸው ሲጠርጉልኝ ነው።

"ይንገሩት፤ ለአባዬ አሁኑኑ ይንገሩት።"

"እኔ አልነግርም" አሉ። "እኔ ከነገርሁ ለራሴ ብዬ ልጁን አሳጣሁ። የአንቺ ነገር ነው፤ አንቺ ትነግሪያለሽ።"

"ይመታኛል።"

"ይመታሽ ይሆናል" አሉ።

አባቴ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅሁት። ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ "አባዬ፣ ውሃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አልሁት። አልገባውም። ረሃቧን፣ ዳገቱን፣ ሁለት ሁለት እፍኙን፣ ሰማያዊውን ዱቄት አንድ በአንድ ስነግረው ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። ኮፈኖውን ከፈተና ከመተንፈሻው ግርጌ የሚወርደውን የጎማ ቱቦ በጣቱ ፈልጎ አገኘ። የቱቦው ጫፍ እንደ ዳክዬ አፍ የተጣበቀ ነው። ጨመቀው። መጀመሪያ ምንም የለም። ደግሞ ጠምዝዞ ሲጨምቀው ጥቁር ጭቃ፣ ከዚያ ጭብጥ ቅጠል፣ ከዚያ ቁጥር የሌለው የዛፍ ፍሬ ክዳን፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ውሃ በእጁና በሸሚዙ ላይ ዝርግፍ አለ። ሽታው ግቢውን ሞላው።

አልመታኝም። ጭቃውን በመዳፉ ይዞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። "'አንድም ቅጠል እንዳላይ' አልሁሽ እንጂ የት እንደምታደርጊው አልነገርሁሽም" አለ። ከዚያ እጁን ሳይታጠብ ወደ በሩ ሄደ።

የተነጋገሩትን ሰማሁ። "ገመቹ፣ ያልሁህን ተወው። እዚሁ ቆይ" አላቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ" አሉ ኦቦ ገመቹ። "ወሩን እጨርሳለሁ። ከዚያ ግን ልሂድ። ከእንግዲህ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር እኔ እፈራለሁ፣ እርስዎም ያፍራሉ። እንዲህ ሆኖ አይኖርም።"

እውነቱ ከታወቀ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል ብዬ ነበር። ማታ ለእናቴ "ነግሬው የለ፤ ለምን ይሄዳሉ?" አልኋት። እሷ ፀጉሬን ፈታችልኝ።

ጳጉሜ ላይ አባቴ ራሱ ካራ ሊያደርሳቸው ተነሣ። የእንጨት ሣጥናቸውንና የመኝታ ቁርበታቸውን ኋላ ጫነ። እሳቸውን ከፊት አስቀመጣቸው፤ እኔና እናቴ ከኋላ ሆንን። መንገዱን ሙሉ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ እግራቸውን ከሰማያዊው ምንጣፍ ከፍ አድርገው ተቀመጡ። ከኮተቤ ወዲያ ማሳው አበባ ብቻ ነበር።

ከወንድማቸው ቤት ደጃፍ ስንደርስ ሰው ተሰበሰበ። ታላቅ ወንድማቸው ነጭ ፂም ያላቸው፣ አማርኛ የማይሰሙ ሽማግሌ ናቸው። ከግድግዳው ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር በእጃቸው አመለከቱን። እናቴና እኔ ተቀመጥን። አባቴ አልተቀመጠም።

"መጀመሪያ የምናገረው አለኝ" አለ፤ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። "አቶ ገመቹ ቤቴን ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። እኔ ግን ባላጠፉት ጥፋት ጠረጠርኋቸው። ሰው እየሰማ አዋረድኋቸው። ጥፋቱ የልጄና የእኔ ነው። ይህን ቤተሰባቸው እንዲሰማ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ይንገሩልኝ።"

"አቶ" ሲላቸው፣ "ጠብቀዋል" ሲላቸው እናቴ ቀና ብላ አየችው።

ኦቦ ገመቹ ወደ ወንድማቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። "ባላ" የምትለዋን ቃል ለየሁ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ልጆቹም ወደ መኪናዋ እየጠቆሙ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

"ምን አሏቸው?"

"መኪናዋ ቅጠል በልታ ሆዷን ታመመች አልኋቸው።"

"ሌላውንስ?"

"ሌላው ምን ያደርጋል ጌታዬ" አሉ ኦቦ ገመቹ፤ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ።

ከሰዎቹ መሐል የኦቦ ገመቹ ልጅ ጫልቱ ነበረች። አትክልት ይዛ ከተማ ስለምትመላለስ አማርኛ ታውቃለች። አባቴ ወደ እሷ ዞረ።

"አንቺ ሰምተሽኛል። እንደተናገርሁት አድርገሽ ንገሪልኝ። ምንም ሳታስቀሪ።"

ጫልቱ አባቷን አየቻቸው። ቀስ ብላ ጀመረች፤ ነገሩ ረዘም አለ። ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ጠፋ። ስትጨርስ ሽማግሌው አባቴን ትኩር ብለው አዩት፤ ባርኔጣውን፣ ጭቃ የነካውን ጫማውን አዩ። ከዚያ ሁለት ቃል ብቻ ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አለ አባቴ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"'አሁን ይቀመጡ' ነው ያሉት" አለች ጫልቱ።

አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ኦቦ ገመቹን በክንዳቸው ይዘው ከአባቴ ጎን አስቀመጧቸው። ወንበሩ አጭር ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሁለቱም ወደ ማሳው እያዩ ቆዩ።